ቤት ውስጥን በዲጂታል ለመሳል ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ለሕፃናት መጽሐፍ ሥዕል የሚሠሩ፣ ለአኒሜሽን መደብ የሚያዘጋጁ፣ የቤት ውስጥ ዲዛይን ለደንበኛ በሥዕል ማሳየት የሚፈልጉ፣ ወይም ዝም ብሎ ያደጉበትን ሳሎን በታብሌት መሳል ያማራቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ያው ነው፤ «የትኛውን ታብሌት ልግዛ? የትኛውን ብሩሽ ላውርድ?» ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ተራው ግን ገና ነው። ተራራ ሲስሉ ትንሽ ቢጣመም ማንም አያውቅብዎትም። በር ሲጣመም ግን እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ልክ አልመጣም» ይላል፤ ዕድሜ ልካችንን የምንኖረው በበርና በግድግዳ መካከል ነውና። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ይወስኑ፤ የሚያየው ዓይን ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንዳለ፣ ብርሃኑም ከየት ገብቶ የት እንደሚያርፍ። ብሩሹም ሌየሩም (የሥዕሉ ንብርብር) ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።

ዓይኑ የት ተቀምጧል?

በክፍል ሥዕል ውስጥ የአድማስ መስመር የሚባለው የተመልካቹ የዓይን ከፍታ ነው። መስኮት ባይኖር፣ ሰማይ ባይታይ እንኳ መስመሩ አለ። ቆሞ የሚያይ አዋቂ ሰው ዓይኑ ከወለሉ 1.55 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ወንበር ላይ ሲቀመጥ ወደ 1.20 ይወርዳል። ቡና በሚፈላበት በርጩማ ላይ ከሆነ ደግሞ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ቆሞ የሚያየውም ከዚያው ከፍታ ነው። ለልጆች መጽሐፍ የሚሥል ሰው ይህን ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ቢለጥፈው አይቆጨውም።

አሁን የቤቱን ዕቃ በቁመቱ ያስቡት። ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ሜትር፣ የወንበር መቀመጫ 45፣ የበር እጀታ 1 ሜትር ገደማ፣ በሩ ራሱ 2 ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ከበርጩማ ላይ የሚያዩ ከሆነ የአድማሱ መስመር የበሩን እጀታ አቋርጦ ያልፋል። ከፊትዎ የቆመውንም ሰው፣ ከወዲያኛው ጥግ የቆመውንም ሰው ወገባቸው ላይ ያገኛቸዋል። ይህችን ከያዙ ሰው የትም ቢያቆሙ መጠኑ አይስትዎትም፤ የቅርቡ ትልቅ፣ የሩቁ ትንሽ ይሆናል እንጂ ሁለቱም ወገባቸው መስመሩ ላይ ነው። ቆመው የሚያዩ ከሆነ ደግሞ መስመሩ በቆሙት ሁሉ ዓይን ላይ ያልፋል።

ረከቦቱ ላይ የተደረደሩትን ስኒዎች ለፈተና ይውሰዱ። ረከቦቱ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው፣ በርጩማ ላይ ከተቀመጠው ሰው ዓይን 70 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። በአንድ ሜትር ርቀት የስኒው አፍ ሞላላ ሆኖ ይታያል፤ ቁመቱ ከስፋቱ ግማሽ በጥቂት ይበልጣል። በሦስት ሜትር ርቀት ሩብ እንኳ አይሞላም። ያንኑ ስኒ በአንድ ሜትር ርቀት ቆመው ቁልቁል ካዩት ደግሞ ሦስት አራተኛውን አልፎ ወደ ክብነት ይጠጋል። የጀማሪ ሥዕል ላይ በብዛት የሚታየው ግድፈት እዚህ ነው፤ ጠረጴዛው ከላይ ታይቶ፣ ስኒው ከጎን ታይቶ፣ ጀበናው ደግሞ ከሌላ ቤት የመጣ ይመስላል። መሶብም፣ ባልዲም፣ የጎጆ ቤት ክብ ግድግዳም በዚሁ ሕግ ይገዛሉ። ክብ ነገር ወደ አድማሱ መስመር ሲጠጋ ይጠባል፤ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ ያለ ሰረዝ ሆኖ ያርፋል፤ ከመስመሩ በላይ ሲወጣ ሥሩን ያሳያል።

ወደ ውስጥ የሚሄዱት የግድግዳና የወለል መስመሮች አድማሱ ላይ የሚገናኙበት ነጥብ አለ። ጣሊያናዊው ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1435 በመጽሐፍ ካስቀመጠው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። በዴልፍት ከተማ ይሠራ የነበረው ዮሐንስ ቨርሜር፣ የጸጥተኛ ክፍሎች ሠዓሊ፣ በበርካታ ሸራዎቹ ላይ ልክ በዚያ ነጥብ የስፒል ቀዳዳ ተገኝቷል፤ ስፒሉ ላይ ክር አስሮ መስመሮቹን በክሩ ይጥል እንደነበር ነው የሚገመተው። ዛሬ ስፒሉና ክሩ ፕሮግራሙ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ክሪታ ላይ አሲስታንት በሚባለው መሣሪያ፣ ፕሮክሪኤት ላይ በድሮዊንግ ጋይድ፣ ክሊፕ ስቱዲዮ ላይ በፐርስፔክቲቭ ሩለር ነጥቡን ይተክላሉ፤ ብሩሽዎም ወደዚያው ተስቦ ይሄዳል። መሣሪያው መስመር ያቀናልዎታል። ዓይኑን የት እንደሚያስቀምጡት ግን አይጠይቅዎትም፤ እርስዎ ካልወሰኑት ዝም ብሎ ከወረቀቱ መሐል ይቀራል። በስክሪን የተሳሉ ብዙ ክፍሎች ማንም ሰው ተቀምጦም ቆሞም ከማያይበት ከፍታ የታዩ የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ግድግዳውን ያፈርሱታል ወይስ አያፈርሱትም?

4 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ ክፍል ውስጥ ጀርባዎን ግድግዳ ላይ ለጥፈው ቢቆሙ ሳይንጋደድ የሚታይዎ ከፊት ያለው ግድግዳና የጎኖቹ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ሳይዛባ የሚታየው የዕይታ ስፋት ወደ 60 ዲግሪ ስለሆነ፣ 4 ሜትር የሚሰፋን ነገር ሙሉውን ለማየት 3 ሜትር ተኩል መራቅ ያስፈልጋል። ትንንሽ ክፍሎችን የሚሥሉ ሰዎች ስለዚህ እንደ ቴአትር መድረክ ከኋላቸው ያለውን ግድግዳ አፍርሰው ከቤቱ ውጭ ይቆማሉ። ምንም ነውር የለበትም።

ነውሩ ሁለት ወዶ መሆን ነው። ግድግዳውን ሳያፈርሱ ሁሉንም ለማሳየት የሚሞክር ሰው ክፍሉ በጥጉ በኩል ሲታይ የሚኖሩትን ሁለት መገናኛ ነጥቦች አቀራርቦ ይተክላቸዋል፤ ከፊት ያለው የሶፋ ጥግ እንደ ጦር ይሾላል፤ የወለሉ ሴራሚክ ወደ እርስዎ ይለጠጣል፤ ክፍሉ በስልክ ሰፊ ሌንስ የተነሳ የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ ይመስላል። ሁለት መገናኛ ነጥብ ሲጠቀሙ ቢያንስ አንዱ ከካንቫሱ ውጭ፣ ያውም ራቅ ብሎ ይውደቅ። የጠባብ ቤትን ጥበት ማሳየት ከፈለጉ ደግሞ ግድግዳውን አያፍርሱ፤ የሚታየውን ብቻ አሳይተው የቀረው ይቆረጥ። የአልጋው ግማሽ ከፍሬሙ ውጭ መቅረቱ ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ስለ ክፍሉ ይናገራል።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የአልቤርቲ ሕግ ግዴታ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን የጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ገጹ ከላይ እንደታየ ተዘርግቶ፣ ዙሪያውን የተቀመጡት ደግሞ ፊት ለፊት ይታያሉ፤ በማዕዱ ላይ ያለው ሁሉ እንዲታይ የተመረጠ አሣሣል ነው። ለልጆች መጽሐፍ ይህ ምርጫ ከፐርስፔክቲቭ ይልቅ የሚስማማበት ጊዜ አለ። ከመረጡት ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ይምረጡት።

ፀሐይዋ የየት አገር ናት?

ስለ ክፍል ብርሃን መማር የሚፈልግ ሰው ዴንማርካዊውን ቪልሄልም ሃመርሾይን ማየቱ አይቀርም። ከ1898 እስከ 1909 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ውስጥ ስትራንድጋደ በተባለ መንገድ ቁጥር 30 ይኖር ነበር፤ ያንኑ ቤት፣ ያንኑ ነጭ በር፣ ያንኑ መስኮት ደጋግሞ ሣለው። አንድ ሥዕል አለው፤ ከባዶ ክፍል መስኮት ገብቶ አቧራውን አሳይቶ ወለሉ ላይ የሚተኛ ረጅም የፀሐይ ጨረር ብቻ። የዲጂታል ሠዓሊዎች ይህን ጨረር በጣም ይወዱታል። ችግሩ፣ አዲስ አበባ ያለ ሳሎን ውስጥ በእኩለ ቀን አምጥተው ሲያስተኙት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የመስኮቱ የላይኛው ጠርዝ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል። ኮፐንሃገን በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአድማስ 11 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለምትል የደቡብ መስኮት ብርሃን ከ10 ሜትር በላይ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ማለትም ክፍሉን አቋርጦ ወዲያኛው ግድግዳ ላይ ይወጣል። በዚያው ቀን ዋሽንግተን አካባቢ 4 ሜትር ለመሙላት ትንሽ ይጎድለዋል። አዲስ አበባ ግን ፀሐይ 57 ዲግሪ ላይ ነች፤ ብርሃኑ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ገብቶ ይቆማል። ይህም በደቡብ በኩል ባለ መስኮት፣ የጣሪያው ክፈፍ ካልከለከለው ነው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን በመስኮት ምንም አይገባም፤ በሁለቱ ወራት መካከል ደግሞ ቀትሯ በሰሜን በኩል ነው። ውጭ አገር ሆኖ የእናቱን ቤት ከትዝታ የሚሥል ሰው፣ ሳያስበው አሁን ባለበት ከተማ ፀሐይ ሊያበራው ይችላል። ዕቃው ሁሉ ልክ ሆኖ «ቤታችንን አልመሰለም» የሚባለው አንዳንዴ ከዚህ ነው።

የእኛ አገር ረጅም ብርሃን የጠዋትና የማታ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት የምሥራቅ መስኮት ክፍሉን አቋርጦ ተቃራኒው ግድግዳ ላይ ብርቱካናማ አራት ማዕዘን ይሥላል፤ አመሻሹ ላይ የምዕራቡ በር እንዲሁ። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ በበሩ ደፍ ላይ ጠባብ ነጭ ቁራሽ ብቻ ይተኛል፤ የቀረው ክፍል የሚበራው ከዚያች ቁራሽ ተመልሶ በሚነሣው ብርሃን ነው። ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ወለሉ ላይ ያረፈው ፀሐይ ራሱ መብራት ይሆናል፤ ኮርኒሱን ከሥር ያበራል፤ የወለሉንም ቀለም ይዞ ይወጣል። ቀይ ምንጣፍ ላይ ካረፈ ኮርኒሱ ይቀላል፤ የተጎዘጎዘ ቄጤማ ላይ ካረፈ የሰዎቹ አገጭ ሥር አረንጓዴ ጭላንጭል ይኖራል። በተለየ ሌየር ላይ ለስላሳ ብሩሽ ይዞ በጣም በስሱ መቀባት ይበቃዋል። ከበዛ ሰዎቹ የታመሙ ይመስላሉ።

ስለ ጠርዝም ይጠንቀቁ። ፀሐይ ነጥብ አይደለችም፤ ሰማይ ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል የምትሰፋ ክብ ናት። በዚህ ምክንያት የጥላ ጠርዝ ከዕቃው በራቀ ቁጥር ይደበዝዛል፤ በ1 ሜትር ርቀት የድብዝዙ ስፋት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ3 ሜትር ደግሞ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የመስኮትዎ ብረት ፍርግርግ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጥላው ጥቁርና ጥርት ያለ ነው፤ ክፍሉን አቋርጦ ግድግዳ ላይ ሲደርስ የገረጣ ሰረዝ ብቻ ይቀራል። ፍርግርጉን በአንድ ውፍረትና በአንድ ጥቁረት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሥል ሰው ፀሐዩን ወደ ባትሪ መብራት ይለውጠዋል።

አሮጌ የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ቤት ደግሞ ሌላ ስጦታ አለ። ሚስማሩ የወለቀበት ቀዳዳ የተቀደደም፣ ሦስት ማዕዘንም፣ የተጣመመም ሊሆን ይችላል፤ ወለሉ ላይ የሚያርፈው የብርሃን ነጥብ ግን ክብ ነው። ምክንያቱም ነጥቡ የቀዳዳው ቅርጽ ሳይሆን የፀሐይዋ ምስል ነው። ጣሪያው 3 ሜትር ከፍታ ካለውና ፀሐይ አናት ላይ ከሆነች ነጥቡ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ፀሐይ ስታዘነብል ወደ ሞላላነት ይረዝማል። ሠዓሊው ነጥቦቹን በመርጨት ብሩሽ ዝም ብሎ ሲበትናቸው ኮከብ የተረጨ ወለል ይሆናል። አንድ ሞላላ ሠርቶ፣ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ አዘንብሎ፣ ከቆርቆሮው የሚስማር መስመር ጋር ሰልፍ አስይዞ ቢያስቀምጣቸው ግን ያ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ወዲያው ያውቀዋል።

ዕጣን ካለ ጨረሩ ይታያል፤ ጢስ ወይም አቧራ ከሌለ አይታይም። ቀጭን ጢስ ከኋላው ጨለማ ሲሆን ሰማያዊ ይመስላል፤ ከኋላው የበራ መስኮት ሲሆን ወደ ቡናማ ይሄዳል። ስለዚህ ያው አንድ የዕጣን ጢስ ጥግ ላይ አንድ ቀለም፣ መስኮቱን ሲያቋርጥ ሌላ ቀለም ነው። በአንድ ነጭ ብሩሽ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

መጨረሻ ላይ የመስኮቱ ውጭ ይታይ አይታይ ይወስኑ። ቀን ላይ ደጁ ከክፍሉ ውስጥ ከመቶ እጥፍ በላይ ሊበራ ይችላል። ካሜራ አንዱን ይመርጣል፤ ዓይን ሁለቱንም ለማየት ይሞክራል። ደጁን ግልጽ አድርገው ከሣሉ ውስጡን ያጨልሙ፤ ውስጡን ካሳዩ መስኮቱ ይንጣ፣ የፍሬሙም ጠርዝ በብርሃኑ ይሸርሸር። ሁለቱንም እኩል ግልጽ ማድረግ መስኮቱን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካላንደር ያስመስለዋል።

ማታ ከሆነ

የፀሐይ ጥላዎች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይወድቃሉ። አምፖል ግን ጥላን በየአቅጣጫው ይበትናል፤ ጥላዎቹ የሚነሱት ወለሉ ላይ ከአምፖሉ በትክክል ሥር ካለው ነጥብ ነው። ይህን ነጥብ በተለየ ሌየር ላይ ምልክት አድርገው ከዚያ ወደ እያንዳንዱ የወንበር እግር መስመር ይጣሉ፤ የጥላው አቅጣጫ እሱ ነው።

ሻማ፣ ፋኖስ ወይም የከሰል ምድጃ ሲሆን ደግሞ ርቀት ይገዛል። ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ከሻማው ግማሽ ሜትር ላይ ያለ ፊት፣ 2 ሜትር ላይ ካለው ግድግዳ 16 እጥፍ ብርሃን ያገኛል። ስለዚህ መብራት ጠፍቶ በሻማ የተቀመጠ ቤተሰብ ሲስሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ በዝርዝር ለማሳየት አይድከሙ፤ አይታይም። የቀን ብርሃን ሳይጠፋ መብራት የበራበት ሰዓት ከሁሉም የሚጣፍጠው ነው፤ ከመስኮቱ በኩል ሁሉ ነገር ሰማያዊ፣ ከአምፖሉ በኩል ሁሉ ነገር ቢጫ። ጀማሪ ብሆን የመጀመሪያ ሥዕሌን የምሠራው በዚያ ሰዓት ነበር፤ ሁለቱ ቀለሞች ግማሹን ሥራ ራሳቸው ይሠሩታል።

ከቀለም በፊት

ማንኛውንም ብሩሽ ከማውረድዎ በፊት የክብሪት ቀፎ በምታክል ሳጥን ውስጥ ክፍሉን በሦስት ደረጃ ብቻ ይሣሉት፤ ጥቁር፣ መካከለኛ ግራጫ፣ ነጭ። አራት ወይም አምስት እንዲህ ዓይነት ሳጥኖች ጎን ለጎን ይሥሩ። በሦስት ደረጃ የማይነበብ ክፍል በ16 ሚሊዮን ቀለምም አይነበብም። ከሦስቱ አንዱ ክፍሉን ይግዛው፤ አብዛኛው ጨለማ ሆኖ ትንሽ ብርሃን፣ ወይም ተቃራኒው። እኩል ሲከፋፈሉ ሥዕሉ ጨርቅ ይመስላል።

ቀለም ከጀመሩ በኋላ ይህን ለመፈተሽ ከሁሉም በላይ አንድ ሌየር ከፍተው በግራጫ ይሙሉት፤ የሌየሩንም ሞድ «ከለር» ያድርጉት። ሥዕሉ ሳይነካ ወደ ጥቁርና ነጭ ይለወጣል፤ ሲፈልጉ ያበሩታል፣ ሲፈልጉ ያጠፉታል። ካንቫሱን ግራ ቀኝ ገልብጦ ማየትም አለ፤ ዓይንዎ የለመደው መጣመም ሲገለበጥ ይጋለጣል።

ስለ ሌየር ብዙ አልልም። ግድግዳና ወለል፣ ዕቃ፣ ሰው፣ ብርሃን፤ ለጀማሪ አራት አምስት ይበቃል። ጥላ ለመጣል ማልቲፕላይ ሌየር ጥሩ ነው፤ ግን በጥቁር ወይም በግራጫ አይሙሉት፤ ክፍሉ ይቆሽሻል። ቀን ከሆነ ወደ ሰማያዊ ያደላ፣ ማታ በአምፖል ከሆነ ወደ ሞቃት ቡናማ የሚሄድ ቀለም ይምረጡ። እውነተኛ ጥቁር የሚያስፈልገው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዕቃ ወለሉን በሚነካበት ቀጭን መስመር፣ ሳጥኑና ግድግዳው በተጣበቁበት ስንጥቅ። ያ መስመር ከሌለ ሶፋው ይንሳፈፋል። ለብርሃን ከለር ዶጅና አድ የሚባሉትን ሞዶች ሁሉም ይወዳቸዋል፤ እኔ ከመስኮቱና ከአምፖሉ ውጭ ባልነካቸው እመርጣለሁ።

ኧር ብራሽ ደግሞ የክፍል ሥዕል ጠላት ነው። ግድግዳ ጠርዝ አለው። አንድ ጠርዙ ጥርት ያለ ክብ ብሩሽ፣ አንድ ለስላሳ፣ አንድ ሻካራ ለልስንና ለጭቃ ግድግዳ፤ ሦስቱ ሥራውን ይጨርሳሉ። ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ ሲስሉ ፊደሉን አይጻፉ፤ ግራጫ ዓምዶችና አንድ ሁለት ደማቅ ርዕስ በቂ ነው፤ ፊደል ከጻፉ ተመልካቹ ሥዕሉን ትቶ ማንበብ ይጀምራል።

አሁን ወደ መሣሪያው

በስልክ መጀመር አያሳፍርም። እንግሊዛዊው ዴቪድ ሆክኒ፣ በሸራ ሥዕል ስሙን የተከለ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በአይፎን በጣቱ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ በአይፓድ የመኝታ ክፍሉን መስኮትና አበቦቹን ይሥል ነበር።

ኮምፒዩተር ካለዎ ክሪታን ይሞክሩ፤ ነፃ ነው፤ ለመደብ ሥዕልም የሚጎድለው ትንሽ ነው። ፎቶሾፕ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ይከፈልበታል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ሰው ክፍያው በየጊዜው ራስ ምታት ነው፤ ሥራውን በዚያ ላይ ከመመሥረትዎ በፊት ያስቡበት። ፕሮክሪኤት አንዴ ተከፍሎ ያበቃል፤ አይፓድ ግን ግድ ይላል።

ስክሪን የሌለው የመሣያ ታብሌት ርካሽ ነው፤ እጅ ከታች፣ ዓይን ከላይ መሆኑን ለመልመድ ጊዜ ይወስዳል። ለክፍል ሥዕል ግን አብዛኛው ሥራ ቀጥ ያለ መስመርና ሰፊ ገጽ ስለሆነ ከመልክ ሥዕል ይልቅ ይቻላል። 8192 የግፊት ደረጃ የሚለው ማስታወቂያ አያጓጓዎ፤ ግድግዳ ለመቀባት ሩቡም ይበቃል። ከዚህ ይልቅ የማስታወሻ አቅሙን ይጠይቁ። ኤ3 ወረቀት በ300 ዲፒአይ 3508 በ4961 ፒክስል ነው፤ አንድ ሙሉ ሌየር ብቻውን 70 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ሠላሳ ሌየር ሲደራርቡ 2 ጊጋ አለፈ ማለት ነው። ፕሮክሪኤት ካንቫሱ በተለቀ ቁጥር የሚፈቅደውን የሌየር ብዛት የሚቀንሰው ለዚህ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ባትሪ ያለው መሣሪያ ከግዙፍ ዴስክቶፕ ይሻላል፤ ዴስክቶፕ ከሆነም በየደረጃው በአዲስ ስም ያስቀምጡ።

ብሌንደር የተባለው የ3D ፕሮግራምም ነፃ ነው። ክፍሉን በሳጥኖች ብቻ ሠርተው፣ ካሜራውን 1 ሜትር ከፍታ ላይ ተክለው፣ መስኮቱን ከፍተው ፀሐዩን በትክክለኛው ዲግሪ ማዘንበል፣ በምስሉም ላይ መሣል ይችላሉ። አንዳንዶች ማጭበርበር ይሉታል፤ አልስማማም። ስድስት ገጽ ሙሉ ያንኑ ሳሎን ከየአቅጣጫው ለሚሥል ሰው ጊዜ ማዳኛ ነው። ሌላ ሰው ያነሣውን ፎቶ ቆርጦ መለጠፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራዎችንም ያካትታል። የምንጣፍ ጥለት ካስፈለገዎ የጎረቤትን ምንጣፍ አስፈቅደው በራስዎ ስልክ ያንሱ።

የሚታተም ከሆነ

ማታ ክፍሉን አጨልሞ፣ ስክሪኑን አድምቆ የተሠራ ሥዕል ሲታተም ጠቁሮ ይወጣል። በቀን ብርሃን፣ በመካከለኛ ድምቀት ይሥሩ። ለስክሪን ኤስአርጂቢ ይበቃል፤ ለመጽሐፍ ሲሆን ማተሚያ ቤቱ የሚፈልገውን የሲኤምዋይኬ ፕሮፋይል ሳይጀምሩ ይጠይቁ፤ በስክሪን የሚያበራው ሰማያዊና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ይፈዛል። ሙሉውን ከማሳተምዎ በፊት ከሥዕሉ መዳፍ የምታክል ቁራጭ፣ በጣም የጨለመው ጥግና የፀሐዩ ቁራሽ አብረው ያሉበትን፣ በዚያው ወረቀት ላይ አሳትመው ይዩ። የወንበሩ እግር ጥጉ ውስጥ ከጠፋ ጨለማውን አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉት።

ከደንበኛ ጋር ሲዋዋሉም ሌየሮቹ ያሉበት ፋይል ከዋጋው ውስጥ ይግባ አይግባ ከመጀመሪያው ቀን ይነጋገሩ። የአኒሜሽን ሰዎች በተለይ የመስኮቱን ብርሃን ለብቻው ይፈልጉታል፤ ቀኑን ያሳዩበትን ክፍል በሚቀጥለው ትዕይንት ማታ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ያ ደግሞ እንደ አዲስ ሥራ ነው የሚታሰበው።